ለእናቴ የጸለይኩላት ክረምት

ዛሬም ልብስ አጥቤ ሳሰጣ የእርጥብ አንሶላ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ አሰብ የነበረው ቤታችን ይመጣብኛል። ሙቀቱ ሲበረታ አባቴ አንሶላ ውሃ ነክሮ መስኮቱ ላይ ያንጠለጥል ነበር፤ የበረሃው ነፋስ ወዲያው አድርቆት አቧራ ያለብሰዋል። ኧረ አሰብስ! ደሴ ክረምት ሲሉ ዝናብ ነው፣ እኛ ጋ ግን ጠብታ ሳይወርድ በላብ ርሰን እንውል ነበር።

ከደሴ ያመጣን የአባቴ ሥራ ነው፤ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ቴክኒሻን ሆኖ በፈረቃ ይሠራ ስለነበር ቀን ሲተኛ እኛ በሹክሹክታ እናወራ ነበር። እናቴ አገሩን አልለመደችውም። አባቴ እንጀራችን እዚህ ነው ባላት ቁጥር «ጎመን በጤና!» ብላ ፊቷን ታዞርበት ነበር።

ግንቦት ላይ እህቴ ተወለደች። መጀመሪያ ደህና ትጠባ ነበር፤ ሰኔ ሲገባ ግን ሙቀቱ አቅሟን ጨርሶት ጡት ይዛ ትተዋለች፣ ታለቅሳለች፣ ማልቀሱም ይደክማታል። ደሴ ይዣት ልሂድ ብላ እናቴ ብትለምን ሐኪሙ «መንገድ አትችልም» አለ። ከዚያ ወዲያ ቀን ከሌት አቅፋት ትቀመጥ ነበር።

ሴት ልጅ የወለደች ሰማንያ ቀን ሳይሞላት ቤተ ክርስቲያን አትገባም። እናቴ ይህን ይዛ፣ በቤቴስ ለመጸለይ ምን አፍ አለኝ ብላ ጭራሽ ጸሎት አቆመች፤ የእመቤታችንንም ሥዕል በነጠላ ሸፈነችው። እግዚአብሔር ዘንድ የምትልከው እኔን ነበር። አልጋዋ ላይ ሆና «አንቺ ንጹሕ ነሽ፣ ልጄን ተውልኝ በይው» ትለኛለች፣ እኔም ወደ ምሥራቅ ዞሬ ያለችኝን እደግማለሁ። ገና ፊደል የምቆጥር ልጅ ነበርኩና ይደክመኝ ነበር፤ አንዳንዴ ቆሜ ያንጎላጀኛል፣ ደንግጬ ስነቃ እህቴ ብትሞት በእኔ ነው ብዬ እፈራ ነበር።

ሐምሌ እንደገባ የንስሐ አባታችን ሊጠይቁን መጡ። ላባቸውን እየጠረጉ ሥዕሉ መሸፈኑን አይተው «ይሄ ምንድን ነው?» ሲሉ እናቴ አቀረቀረች፣ እኔ ግን «እማዬ አትጸልይም፣ እኔ ነኝ የምጸልይላት» አልኳቸው።

«እንዲህ ሆኜ እንዴት አድርጌ አባቴ?» አለች።

«አዬ ልጄ! አንቺ ቤተ መቅደስ እንዳትገቢ ነው እንጂ፣ እሱ እዚህ እንዳይገባ ማን ከለከለው? እመቤታችንስ በረት ውስጥ አራስ አልነበረችም?»

ነጠላውን ራሳቸው ገለጡት። የልጅቱ ነፍስ ስለሚያሰጋ ቀኑ እስኪሞላ አይጠበቅም ብለውም በማግስቱ ሊያጠምቋት ቀጠሩን። አባቴ እህቴን ይዞ ሲገባ እናቴና እኔ ከቅጥሩ ውጭ ጃንጥላ ዘርግተን ቆምን። እንደ ልማዴ ልጸልይላት ስል «ተዪ የኔ ልጅ፣ አንቺ እረፊ» አለችኝና ራሷ «አምላኬ፣ ደከመኝ» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

እህቴ ግን አልዳነችም፤ ነሐሴ ላይ፣ የፍልሰታ ጾም ሳይፈታ፣ እናቴ ክንድ ላይ እንዳለች አረፈች። ከቀብር መልስ ለቀስተኛው ቤቱን ሞልቶት ሳለ እናቴ ግድግዳ ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት፣ ያውም ድብን ያለ እንቅልፍ። ተናደድኩ። እግዚአብሔር ያን ሁሉ ልመናዬን ሳይሰማ ቀርቶ፣ እሷ ደግሞ ልጇን ቀብራ ትተኛለች! ስትነቃ ፊቴን አይታ ጎትታ አቀፈችኝ።

«እህትሽ ስትሄድ ብቻችንን አልነበርንም እኮ» አለችኝ። «እሱ እዚሁ አጠገባችን ነበር።»

አላመንኳትም።

ኅዳር መጥቶ ነፋሱ ሲቀዘቅዝ እናቴ ጎረቤት መውጣት ጀመረች፤ ደሴ ልሂድ ማለቷም ቀረ።

አሁን የምኖረው ደጋ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደጄ ላይ ነው፣ እንዳልገባ የሚከለክለኝም የለም። ያኔ ጸሎት የለመኑትን ይዞ መመለስ ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ መለመኑም ይደክመኝና እሱ መኖሩ ብቻ ይበቃኛል። ባለፈው ዓመት ባሌን ቀብሬ ስመለስ ለቀስተኛው መሀል እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ፤ ስነቃ ልጄ በቁጣ ስታየኝ አገኘኋት። ምን እንደምላት አውቅ ነበር፤ እንደማታምነኝም አውቅ ነበርና ዝም ብዬ አቀፍኳት።