ዘውድ ወይስ ጎፈር

በየእሑዱ ድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራ ሰፈር ወርዶ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ይቆማል፤ ከረባቱ ጥብቅ ያለ፣ የኮቱን እጅጌ ጠመኔ ያልለቀቀው መምህር። ማዶ መጋላ ሰፈር ያለችውን ልብስ ሰፊ «ላግባሽ» ሊላት ነው። ሳንቲም ይወረውራል፤ ዘውድ ከወጣ ሊሻገር፣ ጎፈር ከወጣ ሊመለስ። ኮሌጅ ስታቲስቲክስ ሲያስተምር «ውጤቱ ስላላማራችሁ ደግማችሁ አትወርውሩ» ይላል፤ እዚህ ግን ዘውድ በወጣ ቁጥር «ይሄ ለሙከራ ነው» ብሎ፣ ጎፈር እስኪወጣለት ይደግማል። «በጠርዙ ቢቆምስ?» ያለውን ተማሪ «አታላግጥ!» ብሎ ከክፍል አባሮታል።

ዛሬ ሳንቲሙ አሸዋው ላይ በጠርዙ ተተከለ።

«መምህር፣ ዛሬስ ሳንቲሙ ምን አለህ?» አለችው በየእሑዱ ከዳር ሆና የምታየው ለውዝ ሻጭ፣ ሳቋን እንደምንም ይዛ።

«ጌታውን መስሎ መወሰን ፈራ» አላትና ራሱም ሳቀ።

እንደ ልማዱ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ያንን ተማሪ ሰኞ ወደ ክፍል ለመመለስ ግን ሳንቲም አላስፈለገውም።