ለጋሼ የጻፍኩት ቼክ

የጠበቃዋ ቢሮ ፌርፋክስ፣ የሐበሻ ሱቆች የሞሉበት መንገድ ላይ ነው፤ ከሱቆቹ በላይ፣ ከጥርስ ሐኪሙ ፊት ለፊት። ሰው እንዳያየኝ መኪናዬን ራቅ አድርጌ አቆምኩና ጥቁር መነጽር አደረግሁ። ጥቁር መነጽር አድርጋ ግድግዳ ግድግዳውን የምትሄድ ወፍራም ሴት እንዴት ሳትታይ ትቀራለች? ሥጋ ቤቱ በር ላይ የቆሙት ወንዶች ገና ከሩቅ ሰላም አሉኝ። ደረጃውን ስወጣ የጥርስ በሽተኛ ለመምሰል ጉንጬን ያዝኩ።

የሄድኩት አንድ ነገር ለመቁረጥ ነበር፤ ጠበቃ ቀጥሬ ኪሳራ ላስመዝግብ ወይስ እንደምንም ችዬ ልኑር። በእኛ ሰፈር «ባንክራፕሲ» የሚለው ቃል እንደ ክፉ በሽታ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚነገረው። ፍርድ ቤቱ ዕዳሽን ቢሰርዝልሽ ሰው ስምሽን ይሰርዛል። እኔም ስለሌሎች ሲወራ ከንፈሬን ስመጥ ኖሬያለሁ።

ዕዳው የመጣው በትከሻዬ ነው። ካልቨር ሲቲ አንድ አዛውንት ፈረንጅ እንከባከብ ነበር። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሲወድቁ ልይዛቸው ስል የትከሻዬ ጅማት ተበጠሰ። ሥራ ፈትቼ ከረምኩ። በካርድ በላሁ፣ የቤት ኪራይም በካርድ ከፈልኩ፤ አንዱ ካርድ ሲሞላ ሌላውን አወጣሁ። ድኜ ኤርፖርቱ አጠገብ ዌስትቼስተር ሆቴል ውስጥ አንሶላ ማጠፍ ስጀምር ባንኩ ከሶኝ፣ አስፈርዶብኝ ነበር። ከደሞዜ አንድ አምስተኛው ገና እጄ ሳይገባ ይቆረጥ ጀመር።

ከመጎዳቴ በፊት ደግሞ እቁብ ወጥቶልኝ ነበር። ቀድሞ የወጣለት ሰው እስከ መጨረሻው ሳያቋርጥ መጣል አለበት። ይህን ወረቀት አያስገድድም፤ የሚያስገድደው ዋስ ነው። የእኔ ዋስ ጋሼ ናቸው። ዘመዴ አይደሉም፤ ኤርፖርት ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ የእቁባችን ዳኛ ናቸው። እቁቡ ውስጥ ስገባ ሰዉ ሁሉ እየሰማ «እሷ ብትቀር እኔ አለሁ» አሉ። እኔ አልጋ ላይ ስውል ከጡረታቸው እየቆነጠሩ የእኔን ጣሉልኝ። ባለቤታቸው እትዬ ደግሞ እኔ የምኖርበት ፓልምስ ድረስ ሾርባ ያመጡልኝ ነበር። ጋሼ አንድም ቀን ገንዘብ አላነሱብኝም፤ አለማንሳታቸው ነው ያንገበገበኝ።

ስለዚህ የታክስ ተመላሽ ሲመጣልኝ ምንም አላመነታሁም። ባንኩን ረስቼ፣ የቤት ኪራዩንም አሳድሬ፣ ለጋሼ በስማቸው ቼክ ጻፍኩ። በጥሬው መስጠት እችል ነበር፤ ግን በደንብ፣ በቼክ መክፈል ፈለግሁ። ጋሼ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝና ቆመው መረቁኝ። ከታመምኩ ወዲህ እንደዚያ ቀን ቀና ብዬ ሄጄ አላውቅም።

ጠበቃዋ በሕፃንነቷ የመጣች የእኛው ልጅ ናት። በዕድሜ ልጄ ልትሆን ትችላለች፤ ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ «አንቺ» አለችኝ። ዋጥ አደረግሁት።

«ሶ፣ ባለፉት ሦስት ወራት ለማን ከፍለሻል? ፍሬንድ፣ ዘመድ፣ ማንም ይሁን።»

በኩራት ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ኦ ኖ» አለች። «ኦኬ፣ ስሚኝ። ፋይል ስናደርግ ፍርድ ቤቱ ትረስቲ የሚባል ሰው ይመድባል። ያ ሰው ባንክ ስቴትመንትሽን ያያል። ሌሎቹን ትተሽ ለእሱ ብቻ ስለከፈልሽ፣ ሌተር ጽፎ ገንዘቡን መልስ ሊለው ይችላል። እምቢ ካለ ሱ ሊያደርገው፣ ሊከሰው ሁሉ ይችላል።»

«ጋሼን? የገዛ ገንዘባቸውን?»

«በሎው፣ በሕጉ፣ እሱም ባንኩም እኩል ናቸው።»

«ባንኩ ሾርባ አምጥቶልኝ ያውቃል?» ብዬ ጮህኩባት። ልጅቷ ምን አጠፋች? ውሃ ቀድታ ሰጠችኝና እስክረጋ ጠበቀችኝ።

ከዚያ ምርጫውን ነገረችኝ። ማመልከቻውን ዛሬውኑ ብናስገባ የደሞዙ ቆረጣ ይቆማል፤ ጋሼ ግን ደብዳቤው ሊመጣባቸው ይችላል። ቼኩ ሦስት ወር እስኪያልፈው ብንጠብቅ እሳቸውን የሚነካቸው የለም፤ የእኔ ደሞዝ ግን እየተቆረጠ ይቀጥላል። በተቆረጠ ደሞዝ ደግሞ የፓልምስን ኪራይ መክፈል እንደማልችል ሁለታችንም አውቀናል። ገንዘቡን ጋሼ ተቀብለው አላስቀመጡትም። የእትዬን ጥርስ ሊያሠሩበት እንደሆነ ሲመርቁኝ ነግረውኛል።

ከዚያ ወጥቼ ታክስ የሚሠራልን ሰውዬ ጋ ሄድኩ።

«ጠበቃ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። «ፎርሙን እኔ በርካሽ እሞላልሻለሁ። የእቁቧን ቼክ አንጽፋትም፣ ኖ ፕሮብሌም። ማን ያውቃል?»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እኔም ላገባ ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን ፎርሙ ላይ «እውነት ነው» ብላ ምላ የምትፈርመው እኔ ነኝ፤ ቼኩም ባንኩ ውስጥ በጋሼ ስም ቁጭ ብሏል። ቢደረስብኝ እኔም እሳቸውም አንድ ላይ ነው የምንዋረደው። በማግስቱ ለጠበቃዋ ቀብድ ከፍዬ «እንጠብቅ» አልኳት።

«ሹር ነሽ? ቤቱንስ?» አለችኝ።

«ቤት ይገኛል» አልኩ። በአፌ ነበር።

በፈረንጅ ፖሊስ ከምወጣ ብዬ የፓልምስን ቁልፍ በፈቃዴ መለስኩ። አልጋዬን የወሰደልኝ ጠፍቶ መንገድ ዳር ጥዬው ሄድኩ። ዌስትቼስተር አብራኝ የምትሠራ ሴት አንድ ክፍል አከራየችኝ። አውሮፕላኑ በጣራው ላይ ሲያልፍ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የሰው ኩሽና ውስጥ ድስት ለማስቀመጥ ፈቃድ ስጠይቅ በጣም አፍር ነበር። ግን ጋሼ ደብዳቤ አልደረሳቸውም። ይህን እያሰብኩ እተኛለሁ።

በመሐል የእኛ እቁብ አለቀና አዲስ ሊጀመር ሆነ። ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ግማሽ ግማሽ ልገባ አሰብኩ፤ ቢወጣልኝ ለቤት መያዣ ይሆነኛል። እሑድ ከሰዓት ፌርፋክስ፣ ሁልጊዜ የምንሰበሰብበት ምግብ ቤት ሄድኩ። ስገባ ጫወታው ቀዘቀዘ። ጋሼ ተነሥተው ክንዴን ያዙና ወደ ውጭ ይዘውኝ ወጡ።

«ልጄ፣ የዘንድሮው ሞልቷል» አሉኝ። በመስታወቱ ውስጥ ሁለት ባዶ ወንበር ይታየኛል።

መሬት መሬት እያዩ ቀጠሉ። «እትዬሽ ጥርሷን ልታሠራ ሄዳ፣ ጠበቃዋ ጋ ስትገቢ አይታሻለች። ጉንጭሽን ይዘሽ ነበር አሉ። እኔ ዋስሽ አልነበርኩም? አንድ ቃል አትነግሪኝም? አሁን ሰዉ ፈራ። ነገ የእኛንም ፍርድ ቤት ትወስደዋለች ይላል። እኔም ለምኜ ላስገባሽ አልቻልኩም።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ለካ ስሜ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ከወደቀ ሰንብቷል። እኔ ቤቴን የለቀቅኩት ያ ስም እንዳይወድቅ ብዬ ነበር። «ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ብነግራቸው የሚያደርጉትን አውቃለሁ፤ ተበድረው ያንን ገንዘብ ያመጡልኛል። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

«እትዬ ጥርሳቸው ተሻላቸው?» አልኳቸው።

«ተመስገን፣ ሥጋ ሁሉ ትበላለች አሁን» አሉ። ፊታቸው በራ።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ መሪውን በጡጫ መታሁት። ያኔ የምሬን ተናደድኩባቸው። ጠበቃዋ የእጅ ስልኳን ቁጥር ሰጥታኝ ስለነበር ደወልኩላት።

«ነገ አስገቢው» አልኳት። «የመጣው ይምጣ።»

«አር ዩ ሹር? ትንሽ እኮ ነው የቀረን። ነገ ፋይል ካደረግን ጋርኒሽመንቱ፣ የደሞዙ ቆረጣ፣ ይቆማል፣ ግን ጋሼው…»

ከቆምኩበት ለመውጣት መኪናዬን ሳስነሣ ጋሼ ገና መንገዱ ዳር ቆመዋል። መኪናዬን ለይተው እጃቸውን ያውለበልባሉ፤ ከኋላዬ ሌላ መኪና እየመጣ ስለሆነ ቆዪ እያሉኝ ነው። እስኪያልፍ አስጠበቁኝና «በይ አሁን ውጪ» ብለው በእጃቸው ጠሩኝ።

«ተይው» አልኳት ጠበቃዋን። «ባልነው ቀን ይሁን።»

ዓርብ ደሞዜ ገባ። አንድ አምስተኛው ተቆርጦ ነበር።