የግራናው ቤት ማዕዘኖች

ጀርባዬን አሞኝ ሥራ ልተው በማስብበት ሰሞን፣ አንዲት ሴት ከግራና ተነሥታ መርሳ ድረስ መጥታ የእንጨት ሥራ ቤቴ ደጃፍ ቆመች። የአባቷ ዓይን በስኳር ሕመም ጠፍቷል። ከመኝታቸው እስከ ውጭው በር ግድግዳ እየዳበሱ ስለሚሄዱ፣ እጃቸው በሚያርፍበት ከፍታ ዙሪያውን ለስላሳ ጣውላ እንድመታላቸው ነው የፈለገችው።

"ለሰላት ሊታጠቡ፣ ለውዱእ በወጡ ቁጥር ሰው መጥራት መሯቸዋል" አለችኝ።

እንቢ ማለት አቃተኝ። የማዕዘን መቁረጫ ማሽኔን ባጃጅ ላይ ጭኜ ሄድኩ።

ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። "እንዴት ዋሉ አባባ?" ስላቸው፣ "አልሐምዱሊላህ። ግድግዳውን ያቆምነው እኔና ወንድሜ ነን። ያኔ ዓይኔን አምን ነበር፤ ልኩን ስተን ይሆናል" አሉኝ።

ሰምቼ እንዳልሰማ አለፍኩ። ማሽኑን እንደለመድኩት አርባ አምስት ዲግሪ ላይ አስሬ ሁሉንም ቆረጥኩ። ስገጥመው አራቱም ማዕዘን፣ ገሚሱ ከፊት ገሚሱ ከኋላ፣ ተከፍቶ ቀረ። ደግሜ ልለካ ጎንበስ ስል ወገቤ አልታዘዝ አለኝ። ክፍተቱን በስቱኮ ደፈንኩት።

ሽማግሌው መጥተው በጣታቸው ዳሰሱት። "ይኼ ምንድን ነው?"

"ስቱኮ ነው አባባ። ሲደርቅ ይጠነክራል።"

"ይረግፋል እንጂ። እኔ በዚህ በቀን አምስቴ አልፋለሁ፣ ልጄ።"

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ የሚያይ ሰው በስቱኮና በቀለም ሳታልል ኖሬአለሁ፤ እኚህን ግን አልቻልኩም።

ሁሉንም ነቀልኩ። ሁለት ቀጭን እንጨቶች በአንድ ምስማር አያይዤ ማዕዘኑ ውስጥ ከፈትኳቸውና፣ የያዙትን ልክ ጣውላ ላይ አሰመርኩ። በማዕዘን መለኪያ ስለካው ዘጠና ሁለት ዲግሪ ሆነ። ግማሹን፣ አርባ ስድስቱን፣ ከዘጠና ቀንሼ ማሽኑን አርባ አራት ላይ አሰርኩ። መጀመሪያ ቁራጭ እንጨት ላይ ሞከርኩ። ምላጩ ሙሉ ፍጥነቱን እስኪይዝ ጠብቄ ቀስ ብዬ አወረድኩት፤ ቆሞ ሳያበቃም አላነሳሁትም። ቁራጮቹ ተሳሙ። የቀሩት ማዕዘኖች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ልክ ነበራቸው። ሦስተኛው ላይ ስደርስ መብራት ሄደ። እስኪመጣ ከሽማግሌው ጎን ተቀመጥኩ፤ እሳቸውም አላስቸኮሉኝም።

ለከሰዓት በኋላው የአስር ሰላት ጥቂት ሲቀር ጨረስኩ። ሽማግሌው ከአልጋቸው ተነሡ። መዳፋቸው ጣውላው ላይ እየተንሸራተተ አንዱን ማዕዘን፣ ቀጥሎም ሁለተኛውን ሳይቆም አለፈ። ልጃቸው ልትደግፋቸው ብድግ ብላ ነበር፤ መልሳ ተቀመጠች። ብቻቸውን ወደ ግቢው ወጡ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ድካሙ ግን በልጦብኝ፣ ባጃጅ እስኪመጣ ማሽኔን ተደግፌ እንቅልፍ ወሰደኝ።