ከአሮጌው ፊልትሮ የቀረው ቀለበት

የምሠራበት ጋራዥ ሩዋንዳ ሰፈር፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። መጀመሪያ የገባሁ ቀን ባለቤቱና ዋናው ሜካኒክ ጋሽ ግርማ እጄን አዩና "ቤንዚኑ ይቆጠቁጥሻል" አሉኝ። ግድ የለም ልል ፈልጌ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ። የሰጡኝ ቱታ ሰፊ ስለነበር እጅጌውን ሦስት ጊዜ አጠፍኩት። ሥራዬ የተፈታ ዕቃ በቤንዚን ማጠብ ነበር። እስክንወጣ ድረስ የተናገርኩት ቃል ከአምስት አይበልጥም።

ትምህርት ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። በጋራዣችን ደረጃው ከታች አጣቢ፣ ከዚያ ረዳት፣ ከዚያ ሜካኒክ፣ ከሁሉም በላይ ጋሽ ግርማ ናቸው። አጣቢ ሆኜ ሁለት ዓመት ቆየሁ። ሥራውን ወድጄው ነበር፤ ዕቃ አያናግርም።

የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ሲቀየር ከሥር ያለው የዘይት መያዣ ይፈታል። እኛ ኮፓ እንለዋለን። ኮፓው ውስጥ የብረት ብናኝ የሚይዙ ትንንሽ ማግኔቶች አሉ። ብናኙ እንደ ጭቃ የላመ ከሆነ ችግር የለውም። ለጣት የሚሻክር ስባሪ ከተገኘ ግን ካምቢዮው ውስጥ እየተበላ ያለ ክፍል አለ ማለት ነው። አንድ ቀን እንዲህ ያለ ስባሪ ያለበት ማግኔት አገኘሁ። ሳላጥበው ወስጄ ጋሽ ግርማ እግር ሥር አስቀመጥኩት።

"ይሄን እዚህ ማን አስቀመጠው?" አሉ። "አንቺ ነሽ?" ራሴን ነቀነቅሁ። ስባሪውን በጣታቸው አሹትና "ከሰኞ ጀምሮ ከብሩክ ጋር ትሠሪያለሽ" አሉኝ። ረዳት የሆንኩት እንዲህ ነው።

ብሩክ ጎበዝ ሜካኒክ ነው፣ ግን ችኩል ነው። ዝም ስለምል "ሬዲዮ" የሚል ስም አወጣልኝ። "ሬዲዮ፣ አሥር ቁጥር ቁልፍ አቀብዪኝ፤ ዜናውን ቆይተሽ ታነቢልኛለሽ" ይለኛል። ሥራውን ያስተማረኝ ግን እሱ ነው። ሞተሩን ትንሽ አሙቆ ማጥፋት፤ ዘይቱን በሳፋ መቀበልና መለካት፤ የኮፓውን ብሎኖች ፈትቶ የአንዱን ጥግ ለመጨረሻ ማቆየት፣ አለዚያ የቀረው ዘይት ፊት ላይ ይደፋል። ዘይቱን የሚያጣራው ፊልትሮ ከተቀየረ በኋላ በወጣው ልክ አዲስ ዘይት ይሞላል። ከዚያ ሞተሩ ተነስቶ፣ ፍሬን ተረግጦ፣ ማርሹ በየቦታው ይገባና የዘይቱ መጠን ይታያል።

ከላይ ካምቢዮው ጉድጓድ ውስጥ የሚገባው የፊልትሮው አንገት ላይ የጎማ ቀለበት አለ። አየር እንዳይገባ የሚያሽገው እሱ ነው። አዲስ ፊልትሮ ከነቀለበቱ ይመጣል።

ደንበኞቻችን አሮጌውን ዕቃ ሳያዩ አይሄዱም። በእርግጥ መቀየሩን የሚያምኑት በዓይናቸው ሲያዩት ነው። ስለዚህ አሮጌውን ጠርጎ በፌስታል ማዘጋጀት የእኔ ሥራ ሆነ።

አንድ ቅዳሜ ወይዘሮ ጽጌ መኪናቸውን ይዘው መጡ። ሃያ ሁለት ሰፈር የመጋረጃ ሱቅ ያላቸው የቆዩ ደንበኛችን ናቸው። በማግስቱ በደብረ ሲና የአክስታቸው አርባ ስለነበር አባታቸውን ይዘው ሌሊት ሊነሱ ነው። "አባባ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ አውቶቡስ አይችሉም። ዳገቱ ላይ እንዳያስቸግረኝ ብዬ ነው" አሉ። ጋሽ ግርማ "አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይውሰዱት" አሏቸው።

ብሩክ ሥራውን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨርሶ ሞተሩን አስነሳ። እኔ አሮጌውን ፊልትሮ ስጠርግ አንገቱ ባዶ ነው። ቀለበት የለውም። የወጣውን ዘይት ሳፋው ውስጥ በእጄ ፈለግሁ፤ የለም። ታዲያ ከላይ ጉድጓዱ ውስጥ ቀርቷል፤ አዲሱ ፊልትሮም በላዩ ላይ ተጭኗል ማለት ነው።

ፊልትሮውን ይዤ ብሩክ አጠገብ ቆምኩ።

"ምን አፍጥጠሽ ታይዋለሽ? ልታገቢው ነው?" አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩና ፊልትሮውን ፌስታል ውስጥ ከተትኩት። ብሳሳትስ? ምናልባት ድሮም ቀለበት አልነበረውም ይሆናል። ጋሽ ግርማ ደንበኛ እያነጋገሩ ነበር። ሲጨርሱ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ሲጨርሱ ስልክ ተደወለላቸው። ከስልኩ በኋላ ደግሞ ሌላ ሰው መጣ።

ወይዘሮ ጽጌ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጡ። ፌስታሉን ከፍተው አዩ፣ "ተባረኩ" አሉና መኪናውን አስነስተው ወጡ።

ከበሩ ሲያልፉ ሮጥኩ። አስፋልቱ አፍ ላይ መኪና እስኪያልፍ ቆመው ስለነበር ደረስኩባቸውና መስታወቱን መታሁ።

"ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?"

"ይመለሱ፣ እትዬ። አሮጌው የጎማ ቀለበት ካምቢዮው ውስጥ የቀረ መሰለኝ።"

"መሰለኝ?"

"ቀርቷል" አልኩ።

ስንመለስ ብሩክ ተቆጣ። "ገና አሁን የሞላሁትን ላፍስስ? ጋሽ ግርማ፣ እሷን ሰምተው ነው?" ወደ እኔም ዞሮ "ካልተገኘ ወደ ቤንዚንሽ ትመለሻለሽ" አለኝ። ጋሽ ግርማ ፊልትሮውን ከፌስታሉ አውጥተው አንገቱን አዩ። "ንጹሕ ሳፋ አምጡ" አሉ።

ኮፓው ወረደ፣ አዲሱ ፊልትሮ ወጣ። ጋሽ ግርማ ጣታቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብተው ዳሰሱ፤ ጣታቸው ወፍራም ስለሆነ አልያዘም። "ነይ አንቺ" አሉኝ። አሮጌው ቀለበት ጠንክሮ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ነበር። በጥፍሬ ስስበው ለሁለት ተቆረጠ። አዲሱም ቀለበት በላዩ ሲጫን ጠርዙ ተቀዷል።

ወይዘሮ ጽጌ "እንዲሁ ብሄድ ምን ይሆን ነበር?" ብለው ጠየቁ።

"አየር ይስባል። ከተማ ውስጥ ላያስታውቅ ይችላል" አሉ ጋሽ ግርማ። "ዳገት ላይ ዘይቱ ሲሞቅ ግን ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው አይሄድም።"

ብሩክ በሞተር ብስክሌት ወደ መለዋወጫ ሱቅ በረረ። የዚያ መጠን ቀለበት ያለው ሱቅ ቅዳሜ የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ሲደርስ ተዘግቶ ነበር። ሌሎች ሁለት ሱቆች ጋ ልኩ ጠፋ። እሑድ የሚከፍት የለም። መኪናው ኮፓው እንደወረደ አደረ።

ወይዘሮ ጽጌ አባታቸውን ይዘው ሌሊት ከላምበረት መናኸሪያ በአውቶቡስ ሄዱ።

ሰኞ ቀለበቱ ተገዝቶ ሥራው አለቀ። መኪናውን ሊወስዱ ሲመጡ ጋሽ ግርማ ይቅርታ ጠየቋቸው፤ ብሩክም ጠየቀ። ከዚያ ወይዘሮ ጽጌ ወደ እኔ መጡ።

"ቅዳሜ ዕለት መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ዘጠኝ ሰዓት ላይ።"

"እኔ የመጣሁት አሥራ አንድ ሰዓት ነው።"

"አዎ።"

"አባባ ሲደርሱ ጸሎቱ አልቆ ሰው ተበትኖ ነበር። መንገድ ላይም ሁለት ጊዜ ደግፈን አወረድናቸው።" "ስለተናገርሽ ተባረኪ። ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ምን ትጠብቂ ነበር?"

ሮጬ ማስቆሜን ጋራዡ ውስጥ ለወራት ሲያወሩት ነበር፤ ያንን ሁለት ሰዓት ያነሳ ግን የለም። የምናውቀው እኔና እሳቸው ነን።

አሁን በዚህ ጋራዥ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና ፊልትሮ የምቀይረው እኔ ነኝ። ረዳት ሲሰጡኝ መጀመሪያ ቀን የምነግረው ይህን ብቻ ነው። ከአሮጌው ፊልትሮ ጋር መውጣት ያለበት ሁሉ ጨርቅ ላይ ተደርድሮ ሳይቆጠር አዲሱ አይገጠምም። አንድ ነገር የጎደለ የመሰለው ሰው፣ አጣቢም ቢሆን፣ እርግጠኛም ባይሆን፣ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ይናገራል። በዝቅተኛ ድምፅ ቢሆንም ይበቃል።