የሚስተር ጆን ቤተ ክርስቲያን

ኪሌሌሽዋ በሚባለው ሰፈር ከምንኖርበት ቤት በላይ ያለው ፎቅ ላይ ሚስተር ጆን የሚባሉ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ይኖራሉ። ሊፍት ውስጥ በተገናኘን ቁጥር የሚያወሩልኝ እንግሊዝ አገር ስላለችው መንደራቸው ነው። መጀመሪያ ፖስታ ቤቷ ተዘጋ፤ ቀጥሎ አውቶቡሷ ቀረ፤ መጠጥ ቤቷም ተሸጠ። ሁሉንም እየሳቁ ነበር የሚነግሩኝ። ባለፈው እሑድ ግን ሳይስቁ፣ «ቤተ ክርስቲያናችንም ተዘጋ፤ መኖሪያ ቤት ሊያደርጉት ነው» አሉኝ።

ለእማዬ ብነግራት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ብድግ አለች።

«ተነሽ፣ ለቅሶ እንድረሳቸው።»

«ኧረ እማዬ፣ ሰው እኮ አልሞተም!»

«ታዲያ ደብራቸው ተዘግቶ ብቻቸውን ይዋሉ?»

ምን ላድርግ፣ ተከትያት ወጣሁ። በምታውቃት ብቸኛ የስዋሂሊ ማጽናኛ «ፖሌ ሳና» ብላቸው፣ ሶፋው ጫፍ ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ሚስተር ጆን አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ያያሉ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በመጨረሻ ተነስተው ከመኝታ ቤታቸው ፎቶ አመጡ። የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከግድግዳው ሥር አንዲት ትንሽዬ መቃብር አለች።

«ልጄ ናት» አሉኝ በእንግሊዝኛ።

ልተረጉምላት ወደ እማዬ ስዞር፣ ቀድማኝ እያለቀሰች ነበር።