ከስፌት መኪናው ሥር የሚሰማ ዝማሬ

ዘመነች ቤቴል ሰፈር፣ ቤቷ ውስጥ የመዘምራን ጋዋን መስፋት ከጀመረች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። የስድስት ዓመት ልጇ ራዕይ ከስፌት መኪናው ሥር፣ ተንጠልጥሎ በሚወርደው ሐምራዊ ጨርቅ ውስጥ ተቀምጣ ትዘምራለች። ዘመነች ፔዳሉን ስትረግጥ ዝማሬው ከልጅቷ ይምጣ ከጨርቁ አይለይላትም፤ አንዳንዴ ቤቱ ራሱ ቀስ ብሎ ከመሬት የሚነሳ ይመስላታል።

ቅዳሜ ልጇን ይዛ በቤተ ክርስቲያናቸው ወደሚደረገው የሕፃናት መዘምራን ልምምድ ሄደች። ትንሿን ጋዋን አስቀድማ ሰፍታ በፌስታል ይዛለች። አሠልጣኙ ሄኒ በኪቦርዱ ድምፅ ቢሰጣት ራዕይ ጫማዋን እያየች ዝም አለች። ደገመላት፤ ያው ዝም።

«ችግር የለም እህት ዘመነች፤ ትንሽ ትደግና ያምጧት» አላት።

ዘመነች ግን ፌስታሉን ይዛ ለመመለስ እሺ አላለችም። ስንቱን ጎርናና አልብሳ መድረክ ስታወጣ ኖራ የእሷ ልጅ ትመለስ? ወንበር ስባ ተቀመጠችና እንደ ቤቷ ወለሉን በእግሯ ትረግጥ ጀመር፤ የመኪናውንም ድምፅ አፏን ዘግታ በወፍራሙ አዜመችው። ራዕይ ሮጣ ከወንበሩ ሥር ገባች፤ በእናቷ ቀሚስ ተሸፍናም ዘመረች። የአዳራሹ ወለልም ከዘመነች እግር ሥር ቀስ ብሎ የሚነሳ መሰላት።

ሄኒ ደብተሩን ገልጦ የራዕይን ስም ጻፈ። እስክሪብቶውን ግን አላስቀመጠም።

«ትልልቆቹ መዘምራን ውስጥ እንዲህ ያለ ወፍራም የሴት ድምፅ አጥተናል» አለ። «የእርስዎንስ ጋዋን ማን ይሰፋልዎታል?»

ዘመነች አንገቷ ላይ የቀረውን ሜትር ዳሰሰች። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ የራሷን ልክ ወስዳ አታውቅም።