የመምህርቷ ልብ

ዲላ ውስጥ በነርስነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ድንገተኛ ክፍል ተመደብኩ። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ዘነበች የልብን ምት በወረቀት ላይ የሚያነሳውን የኢሲጂ ማሽን እየገፉ አመጡና መለጠፊያዎቹ የት የት እንደሚቀመጡ በራሳቸው ደረት ላይ እየጠቆሙ አሳዩኝ። ያን ቀን የመጡት ግን ወባ የያዛቸውና ከሞተር የወደቁ ነበሩ። እስክወጣ ድረስ ማሽኑን አልነካሁትም።

ሲስተር ዘነበች ጡረታ ሲወጡ ኃላፊነቱ ለእኔ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ካየኋቸው ሕሙማን ለአዳዲስ ነርሶች ደጋግሜ የማነሳው የአንዲት መምህርትን ነገር ነው። ምሕረት ልበላት።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከፍስሐ ገነት በሚኒባስ አመጧት። ደግፈዋት የገቡት አባቷ አቶ ዱካለ ነበሩ፤ ቡና አምራች፣ የቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ። ጾም ጸሎት ላይ ስለነበረች ደክሟት ነው አሉን።

ድካም አልመሰለኝም። ስትጠራ ዓይኗን ትገልጥና ወዲያው ትከድናለች። ምላሷ ደርቋል፤ የዓይኗ ብሌን ሰፍቷል፤ ልቧ በፍጥነት ይመታል፤ የደም ግፊቷ ዝቅ ብሏል። ስኳሯን ለካን፤ ደህና ነው። ወባም የለባትም። ኢሲጂ ሳነሳት ቀጭንና ሹል መሆን የነበረባቸው መስመሮች ሰፍተው ወጡ።

ተረኛው ሐኪም ዶክተር ሳሙኤል ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የመድኃኒት መመረዝ ሳይሆን አይቀርም አለኝ። ምን እንደወሰደች እንዳጣራ ነገረኝ።

አባትየውን ጠየቅኳቸው። ምንም አልወሰደችም አሉ። ደግሜ ስጠይቃቸው ልጄ እግዚአብሔርን የምትፈራ ናት ብለው ፊታቸውን አዞሩ። በዚህ መካከል ምሕረት አንቀጠቀጣት። የሚያቆምላትን መርፌ ወጋናት፤ ኦክስጅን አደረግንላት።

በየአልጋው ያሉት አስታማሚዎች ሁሉ ጆሯቸው ወደ እኛ ነበር። አቶ ዱካለን ወደ ውጭ አወጣኋቸው።

«አባባ፣ ለምን ብዬ አልጠይቅዎትም» አልኳቸው። «ምን እንደወሰደች ብቻ ይንገሩኝ። ልቧ እየተጎዳ ነው።»

ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«የእናቷ ክኒን ነው። ለነርቭ ሕመሟ የታዘዘላት፣ አሚትሪ ምናምን የሚሉት» አሉ። «ብትሞትብኝ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አይቀብሯትም ብዬ ፈራሁ።»

«በሕይወት አለች እኮ» አልኳቸው።

አሚትሪፕቲሊን ነበር። ለነርቭ ሕመምም፣ ለድብርትም ይታዘዛል። ከመጠኑ ሲያልፍ ግን በልብ ውስጥ የሚተላለፈውን የኤሌክትሪክ መልእክት ያዘገየዋል፤ የልብ ምት ይዛባል፤ ሊቆምም ይችላል። ዶክተር ሳሙኤል ይህን ጉዳት የሚቀንሰውን ሶዲየም ባይካርቦኔት በደም ሥር እንድሰጣት አዘዘ። እኔ መድኃኒቱን በመርፌ ስሰጣት እሱ የልብ ምቷን የሚያሳየውን ሞኒተር ይከታተላል። የሰፉት መስመሮች እያየናቸው ጠበቡ። ጥቂት ቆይተው መልሰው ሰፉ፤ ደገምንላት። ከሰዓቱን ሙሉ እየተፈራረቅን ከአልጋዋ አጠገብ አልተለየንም። አቶ ዱካለ በሩ ላይ እንደቆሙ ነበሩ። ወንበር ብንሰጣቸውም አልተቀመጡም።

በማግስቱ ነቅታ ውኃ ጠየቀች። አባቷ ገቡና ያመጡትን ሙዝ ልጠው አስያዟት።

«አባዬ፣ ተቆጣህ?» አለቻቸው።

«አልተቆጣሁም» አሉ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ።

ለእኔ ምክንያቷን አልነገረችኝም፤ ለአእምሮ ጤና ባለሙያው ግን ብዙ አወራችለት። ለመዳን ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ክትትሏን ሳታቋርጥ ቆይታ ወደ ማስተማሯ ተመለሰች። የእናቷን መድኃኒት አሁን አባቷ ናቸው ቆልፈው የሚያስቀምጡት።

ለአዳዲሶቹ የምላቸው ይህንን ነው። ራሱን የሳተ ሰው ሲመጣላችሁ ቤት ውስጥ የማን መድኃኒት እንዳለ ጠይቁ። ቤተሰቡን ለብቻ አውጥታችሁ ጠይቁ። ለምን የሚለው ጥያቄ ሰውየው ከነቃ በኋላ ይደርሳል።